ፈቃድ እስከ ምን ድረስ? የአሜሪካ ስቴቶች የኮምፒውተር ወንጀልን የሚዳኙበት መንገድ

በሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖሩ ወገኖች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ

የተከበራችሁ ወገኖች፣

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ስቴት ሕግ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ግንዛቤ እዚህ ላይ ስለሚያሳስተን ነው። በኢትዮጵያ ወንጀልን የመደንገግ ሥልጣን በመሠረቱ የፌዴራሉ መንግሥት ነው። የኮምፒውተር ወንጀልም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ውስጥ በጥቂት አንቀጾች ከገባ በኋላ በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 958 ራሱን ችሎ ተደነገገ፤ ከሞያሌ እስከ ሁመራ የሚሠራውም ይኸው አንድ አዋጅ ነው። በአሜሪካ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ስርቆት፣ ማታለል፣ ዛቻና ሰው ንብረት ላይ ጉዳት ማድረስ በአብዛኛው የሚዳኙት በስቴት ሕግ ሲሆን፣ የኮምፒውተር ወንጀልም እንዲሁ በሃምሳዎቹም ስቴቶች ውስጥ የየራሱ ሕግ አለው። የፌዴራሉ መንግሥት በ1984 የጀመረውና በ1986 ያሰፋው የኮምፒውተር ማጭበርበር ሕግ አለ፤ የስቴቶቹን ሕግ ግን አልተካም፣ ጎን ለጎን ይሠራል። (እነዚህም ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸውም ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ እዚህ ቨርጂኒያ አርሊንግተን የሚኖር፣ ሜሪላንድ የሚሠራ፣ በጆርጂያ አትላንታ ካለ ወንድሙ ጋር አንድ የንግድ ሂሳብ በጋራ የሚያንቀሳቅስ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ በሦስት ስቴቶች ሕግ ሥር ሊወድቅ ይችላል።

እነዚህን ሕጎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ለሚያነብ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። ሕጎቹ አጥብቀው የሚጠይቁት ድርጊቱ ምን ያህል የረቀቀ ችሎታ እንደጠየቀ አይደለም። የሚጠይቁት ፈቃድ ነበረ ወይ፣ ከነበረ ማን ሰጠው፣ እስከ ምን ድረስ፣ መቼስ አበቃ የሚለውን ነው። ይህ ጥያቄ ደግሞ እኛን በቀጥታ ይነካናል፤ ምክንያቱም በእኛ ዘንድ የይለፍ ቃል ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ ይተላለፋል። የእኅት ልጅ የአክስቱን የባንክ ሂሳብ ከፍቶ የመብራትና የውሃ ይከፍላል፤ የሱቅ ባለቤት የሥራውን ኢሜይል ቁልፍ ለሦስት ሠራተኛ በአንድ ወረቀት ጽፎ ይሰጣል፤ ባልና ሚስት አንድ ስልክ በጋራ ይከፍታሉ። ሁሉም ሰላም እስካለ ድረስ ችግር የለም። ሕጉ የሚጠራው ሰላሙ ሲደፈርስ ነው።

የነገሩን አመጣጥ ለማየት ከዚሁ ከቨርጂኒያ የተሻለ ቦታ የለም። በ1970ዎቹ በብላክስበርግ በሚገኘው የቨርጂኒያ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ በስታቲስቲክስ ዶክትሬቱን የሚሠራ አንድ ተማሪ ነበር። ጥናቱ ያለ ኮምፒውተር የሚሠራ አልነበረም። ኮምፒውተር ማለት ደግሞ በዚያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው በጋራ የሚጠቀምበት ትልቅ ማሽን ነው፤ ለየትምህርት ክፍሉ በበጀቱ ልክ የአገልግሎት ጊዜ ይመደባል፣ ተጠቃሚው ፕሮግራሙን በካርድ አስረክቦ ውጤቱን በወረቀት ታትሞ ከተቆለፈ ሣጥን ይወስዳል። የተማሪው አማካሪ መምህር የኮምፒውተር ጊዜ ሊያስፈቅድለት ሲገባው ሳያስፈቅድለት ቀረ፤ ተማሪውም በሌሎች ሂሳብ ላይ እያስመዘገበ ሥራውን ቀጠለ። ነገሩ ሲደረስበት የሌሎች ሰዎች ሣጥኖች ቁልፎች እጁ ላይ ተገኙ። ዩኒቨርሲቲው ያለፈቃድ ተወሰደብኝ ያለው የኮምፒውተር ጊዜ ከ26 ሺህ ዶላር በላይ የሚገመት ነበር። ተማሪው በከባድ ስርቆት ተከስሶ የሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ግን ታገደለት።

በ1977 የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ምክንያቱም የስርቆት ሕግ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው የሚጨበጥ፣ ከቦታው ተነሥቶ የሚወሰድ ዕቃን ነው፤ የኮምፒውተር ጊዜን ተሸክሞ የሚሄድ የለም። ታዲያ የታተሙት ወረቀቶችስ? ፍርድ ቤቱ እነርሱንም መዘነ፣ ለባለቤቱ የነበራቸው ዋጋም የውዳቂ ወረቀት ዋጋ ሆኖ ተገኘ። ተማሪው በነፃ ተለቀቀ። የሕግ አውጪው ምክር ቤት በዓመቱ፣ በ1978፣ የኮምፒውተር ጊዜና አገልግሎት ሊሰረቅ የሚችል ንብረት ነው የሚል ድንጋጌ አወጣ፤ በ1984 ደግሞ እስከ ዛሬ የሚሠራውን ሙሉ የኮምፒውተር ወንጀሎች ሕግ አጸደቀ።

ቨርጂኒያ ብቻዋን አልነበረችም። በኒው ዮርክ ከተማ የትምህርት ቦርድ ፕሮግራመር የነበረ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር የውድድር ፈረሶችን የዘር ሐረግ ሲመዘግብ ተገኝቶ ተከሰሰ፤ በ1982 ፍርድ ቤቱ የቦርዱ ኮምፒውተር ሕጉ የሚጠብቀው ዓይነት የንግድ መሣሪያ አይደለም ብሎ ክሱን ዘጋው። በኢንዲያናፖሊስ የከተማ አስተዳደር ሠራተኛ የክብደት መቀነሻ ምርት የሚሸጥላቸውን ደንበኞች ዝርዝር በቢሮው ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ ነበር፤ የኢንዲያና ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 ከተማው ማሽኑን በቁርጥ ኪራይ ስለያዘው ያጣው ነገር የለም፣ ስለዚህ ስርቆት አይደለም አለ። ከሁሉም ቀድማ ሕግ ያወጣችው ግን ፍሎሪዳ ናት። በማያሚ በሚገኝ የውሻ ውድድር ሥፍራ ሠራተኞች በኮምፒውተሩ አማካይነት የሐሰት አሸናፊ ቲኬት ሲያትሙ ተደርሶባቸው ስለነበር በ1978 የመጀመሪያው የስቴት የኮምፒውተር ወንጀሎች ሕግ ወጣ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ትውልድ ሕግ የተጻፈው የመሥሪያ ቤቱን ማሽን ለግል ጉዳይ በሚጠቀም የራስ ሠራተኛ ምክንያት ነበር ማለት ይቻላል። ከሩቅ የሚመጣ ሰርጎ ገብ በሕግ አውጪዎቹ ሐሳብ ውስጥ ገና ጎልቶ አልታየም ነበር። ይህ አመጣጥ በዛሬዎቹ ድንጋጌዎች ላይ አሁንም ይታያል፤ በስቴት ፍርድ ቤቶች የምናያቸው የኮምፒውተር ጉዳዮች ብዙዎቹ አሁንም በሠራተኛና አሠሪ፣ በተፋቱ ባለትዳሮች፣ በተጣሉ ሸሪኮች መካከል የሚነሡ ናቸው።

አሁን ወደ ትርጓሜዎቹ ልግባ። የቨርጂኒያ ሕግ ኮምፒውተርን የሚተረጉመው መረጃን በዲጂታል መልክ ተቀብሎ በቅደም ተከተል በተሰጠው መመሪያ መሠረት ውጤት የሚያወጣ መሣሪያ ብሎ ነው። ቀጥሎ ግን ተራ ሒሳብ ማሽንን፣ ፋክስን፣ እንዲሁም ለአንድ ጠባብ ሥራ ብቻ ቀድመው የተዘጋጁ መሣሪያዎችን ያስወጣል። ስልካችን በዚህ ትርጉም ውስጥ በሚገባ ይወድቃል። የዘመኑ ማጠቢያ ማሽን ወይም የበር ደወል ካሜራስ? እዚህ ላይ ጠበቆች ገና ብዙ የሚከራከሩ ይመስለኛል፤ ሕጉ ሲጻፍ ማጠቢያ ማሽን ኢንተርኔት ይፈልጋል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ከመሣሪያው ትርጉም ይልቅ ከባዱ «መግባት» ማለት ምን እንደሆነ መወሰን ነው። በካንሳስ የአንድ ወጣት ጉዳይ ይህን ያሳያል። ወጣቱ ከቤቱ ኮምፒውተር በሞደም ወደ አንድ የስልክ ኩባንያ መሥመሮች ደጋግሞ ይደውል ነበር፤ መሥመሩ ሲያነሣ ይዘጋል። የይለፍ ቃል ሞክሮ እንደነበረ ወይም አንዳች ነገር ከፍቶ እንዳየ የሚያሳይ ማስረጃ አልነበረም። ኩባንያው ግን ደንግጦ ለምርመራና ለተጨማሪ ጥበቃ ብዙ ሺህ ዶላር አወጣ፤ ዐቃቤ ሕግም ይህንኑ ወጪ የደረሰ ጉዳት ነው ብሎ ከሰሰ። በስቴቱ ሕግ «መግባት» የሚለው ቃል ወደ ኮምፒውተር «መቅረብን» ጭምር ያካትት ስለነበር ዐቃቤ ሕጉ እርሱን ያዘ። በ1996 የካንሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አልተቀበለውም፤ ትርጉሙ እንደ ቃሉ ከተወሰደ ወደ ኮምፒውተር ጠጋ ያለ ሰው ሁሉ ወንጀለኛ ይሆናል፣ እንዲህ ያለ ድንጋጌም ሰው ምን እንደተከለከለ ስለማያሳውቅ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል አለ። ኩባንያው አጥሩን ለማጠናከር ያወጣው ገንዘብም በወጣቱ ድርጊት የተበላሸ ነገር መኖሩን አያሳይም ተባለ። ሰው የግቢ በር አንኳኩቶ ስለሄደ ባለቤቱ አዲስ ቁልፍ ቢገዛ የቁልፉ ዋጋ የአንኳኪው ዕዳ አይሆንም።

ወደ ዋናው ነጥብ፣ ወደ ፈቃድ ስንመጣ፣ ስቴቶቹ መንገዳቸው ይለያያል። የፌዴራሉ ሕግ እንዴት እንደሚተረጎም የተወሰነው በ2021 ነው፤ ጉዳዩም የመጣው ከጆርጂያ ነበር። አንድ የፖሊስ ሳጅን ገንዘብ ሊከፈለው ተስማምቶ የአንዲትን ሴት የመኪና ታርጋ በፖሊስ የመረጃ ቋት ውስጥ ፈለገ። መረጃ ቋቱን ለመጠቀም የራሱ የይለፍ ቃል ነበረው፣ ሥራውም ያስገድደው ነበር፤ የከለከለው ለግል ጥቅም አትጠቀምበት የሚል የመሥሪያ ቤት ደንብ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በስድስት ለሦስት ድምፅ ለሳጅኑ ፈረደ፤ ለመግባት የተፈቀደለትን ክፍል በመጥፎ ዓላማ መክፈት በፌዴራሉ ሕግ ከተፈቀደው በላይ ማለፍ አይደለም አለ። ድርጊቱ ነውር ነው፣ ከሥራ ያስባርራል፣ በሌላ ሕግም ሊያስጠይቅ ይችላል፤ በዚህ ሕግ ግን አያስቀጣም።

ብዙዎች ይህን ፍርድ ሰምተው ነገሩ ያለቀ መስሏቸዋል። አላለቀም፤ ስቴቶች በራሳቸው ቃላት ነው የሚዳኙት። በቴክሳስ ሕግ አንድ ፈቃድ ከተሰጠበት ዓላማ ውጭ ከዋለ ዋጋ እንደሌለው ይቆጠራል፤ ይኸው የሳጅኑ ድርጊት በቴክሳስ ሕግ ቢታይ ውጤቱ የተለየ ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። በካሊፎርኒያ ደግሞ ወደ ኮምፒውተሩ መግባት የተፈቀደለት ሰው እንኳ መረጃውን ያለፈቃድ ከወሰደ ወይም ከገለበጠ ሊጠየቅ ይችላል፤ ትኩረቱ በሩ ላይ ሳይሆን ከውስጥ በተወሰደው ላይ ነው። የቨርጂኒያ ሕግ «ያለ ሥልጣን» የሚለው መብት፣ ስምምነት ወይም ፈቃድ እንደሌለው እያወቀ ወይም ማወቅ እየተገባው የሚፈጽመውን፣ ወይም ደግሞ ያለውን ፈቃድ እያወቀ የሚያልፈውን ሰው ነው። «ማወቅ እየተገባው» የምትለዋን ሐረግ በእርሳስ አሥምሩባት፤ «አላወቅሁም ነበር» የሚለው መልስ ሁልጊዜ አያድንም።

ከሁሉ ይበልጥ እንድታስተውሉት የምፈልገው የቨርጂኒያ ድንጋጌ በኮምፒውተር የሰውን ምሥጢር መድፈር የሚለው ነው። ማንም ሰው በኮምፒውተር ተጠቅሞ የሌላውን የሥራ፣ የደመወዝ፣ የብድር፣ የገንዘብ ወይም የማንነት መረጃ ያለ ሥልጣን ሆን ብሎ ቢመረምር ወንጀል ነው። ልብ በሉ፤ መስረቅ አያስፈልግም፣ መገልበጥ አያስፈልግም፣ ማየቱ ይበቃል። ሕጉ ግን አንድ ጥሩ ገደብ አበጅቷል፦ ሰውዬው መረጃውን የማየት ሥልጣን እንደሌለው ካወቀ ወይም ማወቅ ከሚገባው ጊዜ በኋላ መመልከቱን መቀጠል አለበት። ድንገት የተከፈተ ገጽ ላይ ዓይኑ ያረፈ ሰው ወዲያው ከዘጋው አልመረመረም። በሆስፒታል ምዝገባ፣ በባንክ መስኮት፣ በሆቴል መቀበያ፣ በመኪና ኪራይ፣ በግብር ሥራ የተሰማራችሁ ብዙ ናችሁ። የምታውቁት ሰው ስም በስክሪኑ ላይ ሲመጣ፣ «እስቲ ስንት ይከፈለዋል» ብሎ አንድ ጊዜ መጫን እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ የሚያስከትል ክላስ 1 ሚስዲሚነር የሚባል ቀላል ወንጀል ሊሆን ይችላል።

በቤተሰብ ውስጥስ? የቨርጂኒያ ሕግ ለወላጆች በግልጽ በር ትቶላቸዋል፦ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን የኮምፒውተር አጠቃቀም ወላጅ ወይም ሕጋዊ አሳዳጊ ቢከታተል ወይም ኢንተርኔት ቢከለክል ሕገወጥ አይደለም። ለባልና ለሚስት ግን እንዲህ ያለ በር አልተተወም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጁን ስልክ የሚፈትሽ አባት በሕጉ የተጠበቀ ሲሆን፣ በባለቤቱ ስልክ ላይ የምትተይበውን ሁሉ የሚመዘግብ ፕሮግራም በድብቅ የሚጭን ባል ግን ሕጉ በኮምፒውተር ላይ ድንበር መጣስ በሚለው ክፍል በስም ጠቅሶ የከለከለውን ነው የሚያደርገው። «ስልኩን የገዛሁት እኔ ነኝ» የሚለው ክርክር አንዳንድ ጊዜ ይሰማል። ስልክ መግዛት ግን ሌላው ሰው በውስጡ የሚለዋወጠውን ለማየት ፈቃድ ማግኘት አይደለም፤ በትዳር ሙግት መካከል እንዲህ ያለ «ማስረጃ» ይዞ ወደ ጠበቃ የሚመጣ ሰው ማስረጃው በራሱ ላይ ክስ ሊጠራ እንደሚችል ሲነገረው ብዙ ጊዜ ይገረማል።

ከሥራ የተሰናበተ ሰውም እንዲሁ። አሠሪው የይለፍ ቃሉን ሳይቀይር መዘንጋቱ ፈቃዱ ቀጥሏል ማለት አይደለም። እንዲህ ያለው ጉዳይ በቴክሳስ ገና በ1980ዎቹ ታይቷል፤ ከሥራ የተባረረ ፕሮግራመር የኩባንያውን 168 ሺህ ያህል የደመወዝ ኮሚሽን መዝገቦች የሚሰርዝ ፕሮግራም ትቶ በመገኘቱ በ1988 በፎርት ዎርዝ ተፈርዶበታል። በጆርጂያ ግን የተለየ ነገር ተፈጠረ። የአንድ ከተማ አስተዳደር የኮምፒውተር ባለሙያ ለአለቃው የሚላኩ ኢሜይሎች በቅጂ ወደ ግል አድራሻው እንዲደርሱት የኔትወርኩን ቅንብር ለወጠ። በኮምፒውተር ላይ ድንበር መጣስ በሚለው አንቀጽ ተፈረደበት፤ አንቀጹ ግን የመረጃን አጠቃቀም «ማደናቀፍ፣ ማቋረጥ ወይም ጣልቃ መግባት»ን የሚከለክል ነው። በ2021 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኢሜይሎቹ ለባለቤቱ ሳይዘገዩና ሳይጎድሉ እስከ ደረሱ ድረስ የተደናቀፈ ነገር የለም ብሎ ፍርዱን ሻረ። በእኔ አመለካከት ውሳኔው ትክክል ነው። ድርጊቱ አስነዋሪ ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ግን ለድርጊቱ የሚስማማውን አንቀጽ ሊመርጥ ይገባ ነበር፤ ፍርድ ቤት የተሳሳተ አንቀጽን ለጥጦ ሊያስተካክልለት አይገባም።

ጆርጂያን ካነሣን አይቀር፣ በ2018 የሆነውን ሳልጠቅስ አላልፍም። የስቴቱ ምክር ቤት ያለፈቃድ ወደ ኮምፒውተር መግባትን ብቻውን፣ ምንም ጉዳት ባይደርስም፣ ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አጽድቆ ነበር። ከዚያ ቀደም አንድ የደኅንነት ተመራማሪ በኬንሶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይገኝ በነበረው የምርጫ ማእከል ድረ ገጽ ላይ የመራጮች መረጃ ያለ ጥበቃ ተጋልጦ ማግኘቱ ይታወቃል። አዲሱ ሕግ እንዲህ ያለውን ጥቆማ የሚያመጣ ሰው ሊያስር ይችላል ብለው የሙያው ሰዎች ተቃወሙ፣ ጉግልና ማይክሮሶፍትም ገዥው እንዳይፈርሙ ጻፉ፤ ገዥ ኔታን ዲልም በግንቦት ወር በድምፅ መሻር ሥልጣናቸው መለሱት። ሕግ አውጪ «ሁሉንም ከልክለን ዐቃቤ ሕጉ ይምረጥ» ሲል እጅግ እጠራጠራለሁ። ሰፊ ሕግ የሚያርፈው ራሱን መከላከል በማይችለው ላይ ነው።

ስለ ማጭበርበር ደግሞ ብዙ ጥያቄ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ በቴሌግራም ትርፍ ቃል ተገብቶላቸው፣ በስልክ ከባንክ ነን ተብለው ገንዘባቸውን ያጡ በመካከላችን አሉ። የቨርጂኒያ የኮምፒውተር ማጭበርበር ድንጋጌ ያለ ሥልጣን በኮምፒውተር ተጠቅሞ በማታለል ንብረት የሚያገኝን፣ የሚሰርቅን ወይም የሌላውን ንብረት ወደ ራሱ የሚያዞርን ሰው ይቀጣል። የተወሰደው ዋጋ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ክላስ 5 ፌሎኒ የሚባል ከባድ ወንጀል ነው፤ እስከ አሥር ዓመት ሊያሳስር ይችላል። ያለ ሥልጣን የሚለው ቃል ግን እዚህም አለ። አጭበርባሪው በገዛ ስልኩ ደውሎ እናንተው በገዛ እጃችሁ ገንዘቡን ብትልኩለት፣ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ስላልነካ ዐቃቤ ሕጉ የሚያነሣው ብዙ ጊዜ የቆየውን በማታለል ገንዘብ የማግኘት ሕግ ነው። የባንክ ቁጥራችሁን ወይም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁን በሐሰተኛ ገጽ አስሞልቶ ከወሰደ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በተንኮል የማንነት መረጃ መሰብሰብ ብቻውን፣ ገንዘቡ ገና ሳይወጣ፣ ክላስ 6 ፌሎኒ ነው፤ መረጃውን ከሸጠው ወይም ለሌላ ወንጀል ከተጠቀመበት ደረጃው ከፍ ይላል። ለፖሊስ ስታመለክቱ «ተጭበርብሬያለሁ» ከማለት ይልቅ ማን በየትኛው ሂሳብ፣ በማን የይለፍ ቃል፣ በየትኛው ሰዓት እንደገባ በጽሑፍ መልክ ማቅረብ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አጭበርባሪው ሌላ ስቴት ቢሆንስ? በ2003 በሰሜን ካሮላይና የሚኖር ሰው የላኪውን አድራሻ እያጭበረበረ በሦስት ቀናት ውስጥ በየቀኑ ከአሥር ሺህ በላይ የማይፈለጉ ኢሜይሎችን ኤኦኤል ለሚባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ኩባንያ ደንበኞች ላከ። የኤኦኤል ሰርቨሮች እዚሁ በላውደን አካባቢ ስለነበሩ የቨርጂኒያ ፍርድ ቤት አይቶት የዘጠኝ ዓመት እስራት ፈረደበት። እግሬ ቨርጂኒያን አልረገጠም የሚለው መከራከሪያው አልሠራለትም፤ ድርጊቱ ያረፈበት ማሽን እዚህ ነውና። በመጨረሻ ግን በ2008 የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን ራሱን ሻረው። ሕጉ የንግድ መልእክትን ብቻ ለይቶ አልከለከለም ነበር፤ ስሙን ሰውሮ የፖለቲካ ወይም የሃይማኖት ሐሳብ የሚያሰራጭንም ይቀጣ ስለነበር የመናገር ነፃነትን ይጋፋል ተባለ። እኛ ስም መሰወር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከምናውቅ አገር የመጣን ሰዎች ስለሆንን ይህን ምክንያት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

በማኅበራዊ መገናኛ የሚደረገው ስድብም ጥያቄ ያስነሣል። በቨርጂኒያ በኮምፒውተር ማዋከብ ወንጀል የሚሆነው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው፦ ሰውን የማስገደድ፣ የማስፈራራት ወይም የማዋከብ ዓላማ፣ እንዲሁም ጸያፍ የብልግና ቃል ወይም ሕገወጥ ድርጊት እፈጽምብሃለሁ የሚል ዛቻ። በ2012 ከባለቤቱ ተለይቶ የሚኖር ሰው ስለ እርሷ ነውረኛ ነገር የያዙ ብዙ ኢሜይሎችን ለእርሷም ለሌሎችም በመላኩ የተፈረደበትን ፍርድ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሻረው፤ ቃላቱ አስቀያሚ ቢሆኑም በሕጉ ትርጉም የብልግና ደረጃ አልደረሱም አለ። ስለዚህ በቲክቶክ የተሰደበ ሰው ሁሉ የወንጀል ክስ አለው ማለት አይደለም። «ቤትህን አውቀዋለሁ፣ እገድልሃለሁ» ያለ ሰው ግን በዚህም በሌላም አንቀጽ ይጠየቃል፣ በአማርኛ መናገሩም አያድነውም። የሌላውን ሰው ምስል አቀናብሮ እርቃን አስመስሎ በማሰራጨት ማዋረድ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ በቨርጂኒያ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ስለ ራንሰምዌር፣ ማለትም ኮምፒውተርን ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ ስለሚጠየቅበት ፕሮግራም፣ አጭር ነገር ልበል። በግንቦት 2019 የባልቲሞር ከተማ ኮምፒውተሮች ተቆለፉ፣ አጥቂዎቹም 13 ቢትኮይን ጠየቁ፤ ያኔ 76 ሺህ ዶላር ያህል ነበር። ከተማዋ አልከፍልም አለች። የቤት ሽያጭ ምዝገባ ለሳምንታት ቆመ፣ የውሃ ቢል መላክ ተቋረጠ፣ ጠቅላላ ወጪውና ኪሳራው 18 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገመተ። የሜሪላንድ ሕግ አጥቂውን የሚቀጣበት አንቀጽ ድሮም ነበረው፤ ጉድለቱ ፕሮግራሙን ለጥቃት አዘጋጅቶ የያዘን ሰው ሳይጠቀምበት በፊት መያዝ አለመቻሉ ነበር። ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ያለፈቃድ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ለመጠቀም አስቦ ራንሰምዌር መያዝ ብቻውን ወንጀል ሆኗል። አጥቂዎቹ ብዙውን ጊዜ ከውቅያኖስ ማዶ ስለሆኑ ድንጋጌው ብዙ ሰው ያስራል ብዬ አልጠብቅም።

በመጨረሻ፣ የአሜሪካ ዜግነት ለሌላችሁ የምናገረው አለኝ። የስቴት ፍርድ ቤት ቀላል የሚለው ጥፋት በኢሚግሬሽን ሕግ ቀላል ላይሆን ይችላል። ማታለል ያለበት ወንጀል ብዙውን ጊዜ የሥነ ምግባር ጉድለት ያለበት ወንጀል ተብሎ ይቆጠራል፤ በማታለል የደረሰው ኪሳራ ከ10 ሺህ ዶላር ካለፈ ደግሞ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ሳይቀር ከአገር ሊያስወጣ የሚችል ከባድ ምድብ ውስጥ ይገባል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ተከላካይ ጠበቃ ይህን ለደንበኛው የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበት ወስኗል፤ ስለዚህ ጠበቃችሁ ካላነሣው እናንተ አንሡት። በተለይ የኮምፒውተር ክስ ከስርቆት ክስ ጋር ተጣምሮ ሲቀርብ፣ «የስርቆቱን ተቀበል፣ 12 ወር ይፈረድብህና ሙሉው ይታገድልሃል፣ አንድ ቀን አትታሰርም» የሚል ስምምነት ይቀርባል። ለዜጋ መልካም ስምምነት ነው። በኢሚግሬሽን ሕግ ግን የታገደ ቅጣት እንደተፈረደ ይቆጠራል፣ በስርቆት ወንጀል አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የተፈረደበትም ሰው ከዚያው ከከባዱ ምድብ ውስጥ ይገባል። ጉዳዩን የሚያውቅ ጠበቃ ከዐቃቤ ሕጉ ጋር ሲደራደር 12 ወር የሚለው ተሰርዞ ከ365 ቀን ያነሰ ቁጥር እንዲጻፍ የሚጠይቀው ለዚህ ነው፤ ለዐቃቤ ሕጉ የጥቂት ቀናት ልዩነት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይስማማል፣ ግን ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ አለበት።